ከፒያሳ ፎቶኮፒ ቤት እስከ ጀርመን ላብራቶሪ፦ እኔ የተሳሳትኩትን እናንተ እንዳትደግሙት

ፓስፖርቴ ከትናንት ወዲያ ተመለሰልኝ። ቪዛው ላይ ያለውን ጀርመንኛ ግማሹን አልተረዳሁትም፤ ስሜ በትክክል መጻፉን ግን ሦስት ጊዜ አየሁ። ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል። አሁን አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ለበረራዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለፉት ሁለት ዓመታት «እንዴት ነው የሚኬደው?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ለአንዱ በቴሌግራም ቁራጭ፣ ለሌላው በስልክ ቁራጭ ከምሰጥ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ጥቃቅኑን እዘለዋለሁ። የተሳሳትኩበት ላይ ግን አልሰስትም።

ሙያዬ ማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ ነው። ማስተርሴን የሠራሁት ሸክላ አፈር ላይ ነው። እማዬ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ጭቃ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የሲሚንቶ ዋናው አካል ክሊንከር የሚቃጠለው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ የኖራ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ካኦሊን ያለበት ሸክላ ግን ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ይበቃዋል፣ የሚለቀውም ውኃ ነው። ስለዚህ ክሊንከሩን 50 በመቶ ላይ ታቆሙና የቀረውን 30 በመቶ በተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶ ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶ በጂፕሰም ትሞሉታላችሁ። ኤልሲ3 ይሉታል። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ላብራቶሪዎች አሉ፣ ሰውም ይፈልጋሉ። እኔ ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቀድሜ ያወቅሁት ደላላውን ነው።

ደላላው እንኳ ቢሮ ነበረው። ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው በባንዲራ የተሞላ፣ ሻይ የሚጋብዙበት። 2015 ዓ.ም. ላይ «ካናዳ እንልክሃለን» ብለው 60,000 ብር ተቀበሉኝ። ግማሹ የእቁብ ብር ነበር። ከአራት ወር ምልልስ በኋላ ምን ሠሩልኝ? ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ውስጥ ፕሮፋይል ከፈቱልኝ። ፕሮፋይል መክፈት ደግሞ በነጻ ነው! ገብቼ ሳየው ሙያዬን «የሴራሚክ ሠራተኛ» ብለው ሞልተውታል። ለካ ሸክላ ስላልኳቸው ጀበና የምሠራ መስሏቸዋል። ብሩን አልመለሱልኝም፣ እኔም መሮጡ ሲደክመኝ ተውኩት። ስለዚህ ለማንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የአገሩን መንግሥት ገጽ አንብቡ። የሚከፈለውና የማይከፈለው እዚያ ተጽፏል።

ያኔ ጀርመን ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወለልኝ። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሳቀና «አንተ ተመራማሪ ነህ እኮ፣ ተመራማሪ የሚወጣው በላብራቶሪ በር ነው። መጀመሪያ የሚፈልግህን ሰው ፈልግ፣ ቪዛው ከዚያ ይከተላል» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነበር የያዝኩት።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የበላኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት ክፍለ ሀገር ነው። ከተመረቅሁ ጀምሮ በእጄ የነበረው ቴምፖው ብቻ ነበር። ኮስት ሼሪንጉን ከፍዬ ስላልጨረስኩ ዋናውን ዲግሪ አልወሰድኩም፣ እዚህ አገር ለሥራ ቴምፖ ስለሚበቃ ደግሞ ትዝም ብሎኝ አያውቅም። ለውጭ ግን ዋናው ይፈለጋል። ክፍያውን ለመጨረስ፣ ወረቀቱን ለማስወጣት፣ በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ ለመመላለስ ሁለት ወር ተኩል ወሰደብኝ። ለመሄድ ገና ባትወስኑም ዋናውን ዲግሪ ዛሬውኑ አውጡ።

ዲግሪውን ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ሳየው ደግሞ ወገቤን ያዘኝ። የአባቴ ስም ገብረጻድቅ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በላቲን ፊደል ሁለት ቃል ሆኖ «ገብረ» እና «ጻድቅ» ተለያይቷል። ዲግሪው ላይ አንድ ቃል ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ አንድ ፊደል ጎድሏል። ያሳተምኳቸው ሁለት ጽሑፎች ላይ ደግሞ «ጂ. ጻድቅ» ነኝ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ፋይል ለሚያገላብጥ ሰው ግን አራት ሰው ነው። ትራንስክሪፕቱን አሳረምኩ፤ የቀረውን ደግሞ እነዚህ ስሞች ሁሉ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ አስመዘገብኩና አስተረጎምኩት። ገና ምንም ያላሳተማችሁ ልጆች፣ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ እዚያ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ብቻ ጻፉ። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ ቁጥርም በነጻ አውጡ፣ ስማችሁ ቢበታተንም ሥራችሁን አንድ ላይ ይይዝላችኋል።

የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ «ከ2012 ጀምሮ» ይላል። ዓ.ም. የሚል የለውም፣ እንግሊዝኛው ላይም አልተቀየረም። ዲግሪዬ ደግሞ በፈረንጅ 2018 ይላል። ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲያነበው ከመመረቄ ስድስት ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ረዳት ሌክቸረር ነበርኩ ማለት ነው። ያየልኝ ጓደኛዬ ነው፤ «ይሄ ፎርጅድ ይመስላል» አለኝ ቁርጥ አድርጎ። ማንኛውም ደብዳቤ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍላችሁ። ጸሐፊዋ «እንዲህ አናደርግም» ካለች ቆማችሁ ለምኑ።

ሪኮመንዴሽን ላይ የሠራሁት ስህተትም የብዙዎቻችን ነው። አማካሪዬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ጊዜ የላቸውም። «ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» አሉኝ። እኔም ስለራሴ ጥሩ ጥሩውን ጻፍኩ። ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ምስጉን ጠባይ ያለው። ለጎረቤት ሽምግልና የሚላክ ሰው ነው የሚመስለው። በኋላ ተመልሼ ሄጄ «ጋሼ፣ እባክዎ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ፣ እርስዎ ይናገሩ እኔ ልጻፍ» አልኳቸው። ተቀመጡና «የሸክላ ማቃጠያው ፈርነስ ሲበላሽ ሙቀት መለኪያውን ቴርሞካፕል ራሱ ቀየረው» አሉ፣ «ጥንካሬውን ለመለካት 60 የሲሚንቶ ኪዩብ ብቻውን ሞልቶ ሰበረ» አሉ። እኔ ራሴ ረስቼው የነበረውን ነው የተናገሩት። ያ ደብዳቤ ሌላ ሆነ።

ከዚያ ኢሜይሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2016 ድረስ 140 ኢሜይል ላክሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ታላቅ ላብራቶሪ ውስጥ ዕድል ቢሰጡኝ…» የመለሱልኝ ስድስት ናቸው፣ ስድስቱም «የለንም»። አንዷን የላክኋት የሌላ ፕሮፌሰር ስም ሳልቀይር ነው፣ እስካሁን ሳስበው ሼም ይይዘኛል።

ጥር ላይ ቆም አልኩ። ቶሞካ ቡናዬን ቆሜ እየጠጣሁ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ዓይኔ ቀረ። ስለዚህ ገጽ ልንገራችሁ። ማስተርስ ላይ ሳለሁ አንድ ማታ ፈርነሱን 750 ዲግሪ ላይ አድርሼ ሁለት ሰዓት ልቆይ ተዘጋጅቼ ነበር። በ40ኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። በሞባይል መብራት እየተያየን እኔና ጥበቃው ሌሊቱን በወሬ ገፋነው። ጠዋት ከፍቼ መዘንኩት። ንጹሕ ካኦሊን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ያጣል። የኔ አፈር ንጹሕ ስላልሆነ 11 ድረስ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን 6 ላይ ቆሟል። ተበላሽቷል፣ ይጣላል። ግን አፈሩ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ መጣሉ አሳዘነኝና ከሱም ስድስት ኪዩብ ሞልቼ በ28ኛው ቀን ሰበርኳቸው። ደብተሩ ላይ «መብራት ጠፋ፣ 40 ደቂቃ» ብዬ ውጤቱን ከጎኑ ጻፍኩ። ቴሲሱ ውስጥ አላስገባሁትም። ማን የተበላሸ ናሙና ያስገባል?

ከዚያ በኋላ የላክሁት 11 ኢሜይል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ቀን ሠራሁበት። የቡድኑን ጽሑፍ አነበብኩ፣ ያልገባኝን አንድ ነገር ጠየቅኩ፣ ከራሴ ውጤት አንድ ነገር አካፈልኩ። ለአንደኛው ፕሮፌሰር የጻፍኩት ስለ ተበላሸው ናሙና ነበር፤ እሳቸው ሸክላ በትክክል ሳይቃጠል ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያጠና ቡድን ነበራቸው። «እኔ ሆን ብዬ ሳይሆን መብራት ጠፍቶብኝ ነው፣ ግን የስድስት ኪዩብ ውጤት አለኝ» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። «ሰንጠረዡን ላክልኝ» ብቻ። ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ላክሁት፣ የቡና ጠብታው ሳይቀር።

ማስታወቂያ የምትፈልጉበትንም ልንገራችሁ። ዩራክሰስ የሚባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች የሥራ ገጽ ነጻ ነው። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ማለትም የዳድ ገጽም የዶክትሬት ቦታዎችን ያወጣል። በኛ ሙያ ደግሞ በርሊን ያለውን የፌዴራል የማቴሪያል ምርምርና ፍተሻ ተቋም፣ ማለትም ባም የሚሉትን፣ የፍራውንሆፈር ተቋማትን፣ የካርልስሩኸና የአኸን ዩኒቨርሲቲዎችን የሥራ ገጽ በየሳምንቱ እዩ። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛ ባይጠይቁም ጀምሩ፣ እኔ አለመጀመሬ አሁን እየቆጨኝ ነው።

መጋቢት ላይ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ቀጠሩኝ። ያን ሰሞን ፒያሳ እየፈረሰ ስለነበር አቧራ ብቻ ነበር። ሁሌ ስካን የማስደርግበት ፎቶኮፒ ቤት ስደርስ ፍርስራሽ ነው ያገኘሁት። ቀኑ እንደተቆረጠ ሰምቼ ነበር፣ ግን እንዲህ ቶሎ አልመሰለኝም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የሰነዶቼ ስካን በሙሉ ያለው በፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ፍላሼ እንኳ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ። ስልካቸውን ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ዕቃቸውን ዘመድ ቤት አራግፈው፣ ኮምፒውተሩ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ሥር ተቀምጧል። እሳቸው ሱቃቸውን ያጡ ሰውዬ፣ እኔን «አይዞህ ልጄ፣ ያንተ ፋይል አለ» አሉኝ። ያን ቀን ማታ ሁሉንም ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ። ኢሜይል ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ እህቴ ጋ።

ቃለ መጠይቁ መጋቢት 25 ነበር፣ በጀርመን ሰዓት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ። እኔ የሁለት ሰዓት ልዩነት አለ ብዬ ደምሬ ለኛ 6 ሰዓት ተዘጋጀሁ። ሸሚዝ ለበስኩ፣ መብራት ቢጠፋ ብዬ ዳታ ሞላሁ፣ ስልኬን ሁለት መጽሐፍ መሀል አቆምኩ። ለ6 ሰዓት አሥር ጉዳይ ስገባ ማንም የለም። ኢሜይሌን ስከፍት «ለ20 ደቂቃ ጠበቅንህ» ይላል። ልቤ ወደቀ። ለካ በዚያ ሳምንት እሑድ፣ የመጋቢታቸው መጨረሻ እሑድ ማለት ነው፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተዋል። እነሱ ብርድ ላይ ሲሆኑ በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ በበጋቸው በአንድ። በጋቸው ደግሞ የኛ ክረምት ነው፣ እንዳትምታቱ።

ሰበብ ልፈጥር ነበር፣ እውነቱን ልናገር። «ኢንተርኔት ተቋርጦ ነው» ብል ያምናሉ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ግን ሁለት መስመር እውነቱን ጻፍኩ። «የሰዓት ለውጡን ሳላውቅ ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ጊዜ ከሰጣችሁኝ እገኛለሁ።» ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሳምንቱ ቀጠሩኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለዚያ የተበላሸ ናሙና ብቻ ግማሽ ሰዓት ጠየቁኝ። ስለ ትምህርት ውጤቴ ማንም አልጠየቀኝም። አንደኛዋ ተመራማሪ «ለምን አልጣልከውም?» አለችኝ። «አፈሩ አሳዝኖኝ» አልኩ። ሳቁ። እውነቴን ነበር።

ሰኔ ላይ የሥራ ውሉ መጣ። ሦስት ዓመት፣ እየሠራሁ ዶክትሬቴን የምይዝበት። ከፍቼ ሳየው ስሙ «ሄር ጻድቅ»፣ አቶ ጻድቅ ማለት ነው፣ ይላል። ገብረ የለም! የመጨረሻዋን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ወስደዋታል። ጓደኞቼ እስከዛሬ «ጻድቁ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ፤ ውሉ ላይ ያለው ስምና ፓስፖርቱ ካልተመሳሰሉ ቪዛ ላይ ጥያቄ ይነሳል። የፓስፖርቱን ገጽ ልኬ የትኛው የኔ፣ የትኛው የአባቴ፣ የትኛው የአያቴ ስም እንደሆነ አስረዳኋቸው። አረሙት። ውል ሲመጣላችሁ ደመወዙን ከማየታችሁ በፊት ስማችሁን እዩ።

አሁን ትልቁ ስህተቴ ላይ ደረስን። አገር ምድሩ «ብሉ ካርድ፣ ብሉ ካርድ» ስለሚል እኔም ለብሉ ካርድ፣ ማለትም ዲግሪ ላላቸው የውጭ ሠራተኞች ለሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ተዘጋጀሁ። አናቢን በሚባለው የጀርመኖች የትምህርት ዳታቤዝ ዩኒቨርሲቲዬን አየሁ፣ ኤች ፕላስ ነው፣ እውቅና አለው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የዲግሪውም ዓይነት ለብቻው እዚያ መኖር አለበት፣ ይቺን ብዙ ሰው አያያትም። ለማንኛውም ብዬ ዛብ ከሚባለው መሥሪያ ቤት የዲግሪ ማመሳከሪያም አመለከትኩ። 208 ዩሮ ነው። ከዚህ መክፈል ስለቸገረኝ ጀርመን ያለው ጓደኛዬ ከፈለልኝና በባንክ ምንዛሪ በብር ልመልስለት ተስማማን። ያኔ 13,000 ብር አካባቢ ነበር። «ወር ሲሞላ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፣ ዩሮም አብሮ ወጣ። ዕዳዬ ቁጭ ባልኩበት ወደ እጥፍ ተጠጋ። ጓደኛዬ «በድሮው ስጠኝ» አለኝ፣ እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ፣ ተከራክረን መሀል ላይ ታረቅን። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር ካላችሁ አታሳድሩት።

መስከረም 2017 ላይ የጀርመን ኤምባሲ ቀጠሮዬ ደረሰ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በእግሬ ወረድኩ፣ ፎልደሬን እንደ ሕፃን ታቅፌ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ውሉን ገለጠች፣ ካልኩሌተር ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «65 በመቶ ነው ውልህ» አለች። ነው። ጀርመን ውስጥ የዶክትሬት ውል ብዙ ጊዜ ሙሉ ሰዓት አይደለም፣ ደመወዙም በዚያው ይቆረጣል። የኔ በዓመት 33,000 ዩሮ ገደማ ይመጣል። ወደ ብር ስቀይረው ዓይኔን ስለጋረደኝ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አላየሁም። የብሉ ካርድ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2024 ለአብዛኛው ሙያ 45,300 ዩሮ፣ እንደ ኢንጂነሪንግ ላሉ ሰው ለጎደለባቸው ሙያዎች 41,041.80 ዩሮ ነበር። የትም አልደርስም። በየዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ ይቀየራል፤ በ2025 ዝቅተኛው 43,759.80፣ ዋናው 48,300 ነበር።

ሴትየዋ ፋይሉን ዘጋችና «ይሄ እኮ የምርምር ሥራ ነው፣ ለምን በተመራማሪነት አታመለክትም?» አለችኝ። አፌ ተሳሰረ። ሕጋቸው ውስጥ 18ዲ የሚባል አንቀጽ አለ፣ ለተመራማሪ የተሠራ። ብሉ ካርዱ 18ጂ ነው። 18ዲ እንደ ብሉ ካርዱ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የለውም። የሚፈልገው ዋና ነገር የሚቀበላችሁ የምርምር ተቋም የሚፈርመው የተቀባይነት ስምምነት ነው። ጀርመንኛው አውፍናመፈርአይንባሩንግ ይባላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ቪዛው ይደርሳል። እዚያ ላይ የምርምሩ ርዕስ፣ የሚጀመርበት ቀንና የሚቆይበት ጊዜ፣ የሥራ ሰዓቱና ደመወዙ ይጻፋል።

ወረቀቶቼን መልሼ አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ። ያን ቀን እንባ ተናንቆኝ ነበር፣ ምክንያቱም ውሉ ላይ ሥራ የሚጀመረው ጥቅምት 1 በፈረንጅ ነው፣ ማለት ከሁለት ሳምንት በኋላ። ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል ብዬ ለሁለት ቀን ምንም ሳልጽፍላቸው ቀረሁ። ይሄም ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በዚያው ቀን ጻፉ። ስጽፍላቸው የሰው ኃይሏ ሴት «ፎርሙ እኛ ጋ አለ እኮ፣ ማንም ስላልጠየቀን ነው» አለችኝ! በሦስት ሳምንት ፈርመው ላኩልኝ፣ የመጀመሪያ ቀኔንም ወደ የካቲት አጋማሽ ገፉልኝ። ስለዚህ ውል እንደመጣላችሁ ወዲያው አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «የተቀባይነት ስምምነት ትሰጡኛላችሁ?» በሉ። ውል ሳይኖራችሁ በስኮላርሺፕ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ የተማሪ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ቀድማችሁ ጠይቋቸው።

በነገራችን ላይ፣ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ቻንስንካርተ የሚባል አለ፣ ደላሎች አሁን እሱን ይዘው «ሥራ ያለው ቪዛ» እያሉ ይሸጡታል። ሥራ ያለው አይደለም። ሥራ መፈለጊያ ነው፣ በነጥብ የሚሰጥ፣ እስከ አንድ ዓመት፣ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ እየሠራችሁ። ለራሳችሁ የምትኖሩበትን ገንዘብም ማሳየት አለባችሁ። ለአንዳንዱ ሰው ይሆናል። ላብራቶሪ ማግኘት ለሚችል ሰው ግን እኔ አልመክርም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። 75 ዩሮ የቪዛ ክፍያ፣ ሥራ እስክጀምር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ፣ ውሉ፣ ስምምነቱ፣ ዲግሪዎቹ፣ ያ የአራት ስም ቃለ መሐላ። ደመወዝ ስላለኝ በዝግ አካውንት ገንዘብ አስቀምጥ አልተባልኩም። የዛቡ ወረቀት ለኔ ጉዳይ ጭራሽ አላስፈለገም፣ ከአናቢን ያተምኩት ገጽ በቃ። 208 ዩሮዬ ፎልደር ውስጥ ተኝቷል። ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ እነሳ ነበር፣ ብዙ ጊዜ እማዬ ናት፣ «ደወሉ?» ልትለኝ።

አሁን የቀረኝ ዕቃ ማሰር ነው። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል፣ እማዬ ሻንጣውን በሱ ልትሞላው ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ትናንት በአንድ መስመር ኢሜይል «ከዚያ ከተበላሸው ናሙና የተረፈ ካለ ይዘህ ና» ብለውኛል። አለ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ በሁለት ፌስታል የታሰረ፣ ቀኑ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ግራጫ ዱቄት። ኤርፖርት ላይ ምን ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም። ነገ ጠዋት የማዕድን ናሙና ለማውጣት ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነ ልጠይቅ ነው የምሄደው፣ ፎልደሬን ይዤ።